ቴዎባልዶን ማን ይዞታል?

ሐማማትሱ፣ ማርች 12 ቀን 1995

ለተወደድከው ያክስቴ ልጅ ለዤርሶን፣

ይህች ወረቀት አንተንም፣ እናትህን አክስቴ ኤልዛንም፣ አያታችንን ባቻንንም በሙሉ ጤና ታግኛችሁ። የአፓሬሲዳ እመቤታችን ከደጃችሁ አትራቅ። እኔ በሰላም ገብቻለሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ፋብሪካው የመኪና ፍሬን ቱቦ ነው የሚሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ቱቦ እያጠፍኩ ስንጥቅ እፈልጋለሁ። ማደሪያው ውስጥ አራት ሆነን እንተኛለን፤ ሁሉም ያገራችን፣ የፓራና ልጆች ናቸው። ጃፓኖቹ ከባቻን የወረስኩትን ፊቴን አይተው በቋንቋቸው ያናግሩኛል፤ አፌን ስከፍት ደግሞ የሰው ፊት ሰርቄ የመጣሁ ይመስል ያፈጡብኛል። ይህን ለባቻን አትንገራት። ያስተማረችኝ ጃፓንኛ ከእሷ ጋር አርጅቷል።

ወደ ጉዳዬ። ቴዎባልዶን አደራ። አክስቴ ኤልዛ «ከወረቀትና ከዳይስ የተሠራ ሰው» እያለች ትሳቅ፤ እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ዙሪያ በተረት ጨዋታችን በእሱ አፍ ስናገር ኖሬያለሁ። አንተ ወንዙንና መንደሩን ትተርካለህ፤ እሱ ምን እንደሚልና ምን እንደሚያደርግ የምወስነው እኔ ነበርኩ። አሁን ሩቅ ነኝ፤ ጨዋታው ደግሞ ለማንም አይቆምም። ስለዚህ እንደ ሕጋችን ማንነቱ የተጻፈበትን የሰውዬውን ወረቀት ለአንድ ሰው ስጥና እሱ ያንቀሳቅሰው። የያዡን ስም አትንገረኝ። ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ጓደኛችን ቫልሚር በሌለሁበት ቅዳሜ የቴዎባልዶን በቅሎ ገደል ከትቶ በቡጢ ከተያያዝን ወዲህ፣ ያዡን የማያውቅ ሰው አይጣላም ብለን ተስማምተናል።

ለያዡ ይህን ንገርልኝ። ቴዎባልዶ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ብዙ አያወራም። አብሮት አንድ ጣራ ሥር ባደረ ሰው ላይ እጁን አያነሳም። ባሏ ከሞተባት ከኪቴሪያ ጋር ቃል ተለዋውጠዋል፤ ከመሻገሪያውና ከቤቷ አይራቅ። ሌላውን ከዚህ እየጻፍኩ አዛለሁ።

ውሌ የአንድ ዓመት ነው። በሚመጣው ማርች እመለሳለሁ፤ በሜይ ሰርጌ ነው። እጮኛዬን ኔይዴን «በርቺ» በልልኝ። ለእሷም ሰሞኑን እጽፋለሁ።

ያክስትህ ልጅ ኦስማር


ሎንድሪና፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1995

ለወንድሜ ለኦስማር፣

ያለህበት አገር አየር ይስማማህ፤ እጅህን ከማሽን፣ ልብህን ከሐሳብ ይጠብቅህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤህን እናቴ ጮክ ብላ አነበበችው። የባቻንን ነገር ሳላስጠነቅቃት ስላነበበችው ባቻን ሰምታለች። «የእኔ ጃፓንኛ ንጉሥ ፊት የሚነገር ነው፤ የተበላሸው የእነሱ ነው» ብላሃለች።

ኔይዴ ደህና ናት። ጽፈህላት ከሆነ እስካሁን አልደረሳትም።

ቴዎባልዶ ያዥ አግኝቷል። ትዕዛዝህን ሁለት ጊዜ አስነብቦ ነው የጀመረው፤ ስለዚህ ሐሳብ አይግባህ። ባለፈው ቅዳሜ ኪቴሪያ ደጃፏ ላይ ባቄላ ስትለቅም ቴዎባልዶ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «ማዶ ተሻግሬ ብቀር ስንት ክረምት ትጠብቂኛለሽ?» አላት። እንደምታውቀው በኪቴሪያ አፍ የምናገረው እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን አልጠበቅኩም። «ስንት ክረምት ልትቀር አስበሃል?» አልኩት። ቫልሚር በሳቅ ፈረሰ። ቴዎባልዶ ባቄላውን አብሯት መልቀም ጀመረ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ዝናቡ አቁሟል፤ ቀዩ አቧራ የእናቴን ነጭ ጨርቅ ሁሉ ሻይ የተደፋበት አስመስሎታል።

ዤርሶን


ሐማማትሱ፣ ሜይ 7 ቀን 1995

ላክስቴ ልጅ ለዤርሶን፣

እንደምን ከረማችሁ? ቤታችሁን ደስታ ይሙላው። እኔ ደህና ነኝ፤ የሌሊት ፈረቃ ጀምሬያለሁ።

ያ ጥያቄ የቴዎባልዶ አይደለም። ቴዎባልዶ የወንዝ ጥልቀት እንኳ በዘንግ ለክቶ ያውቃል እንጂ ጠይቆ አያውቅም። ሴትን «ስንት ክረምት ትጠብቂኛለሽ» የሚል ሰው መቅረት ያሰበ ሰው ነው። ያዡ በእሱ አፍ ሌላ ነገር እያጠመደ ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ትዕዛዜ ይህ ነው፦ አፉን ይዝጋ፤ ጀልባውን ይጠግን፤ ለኪቴሪያ ስለ መቅረት አንድ ቃል እንዳይናገር።

ኔይዴ አንድ ገጽ ጻፈችልኝ። ስለ አየሩ ነው። ታማለች እንዴ? ያልተነገረኝ ነገር ካለ ንገረኝ።

ኦስማር


ሎንድሪና፣ ጁን 18 ቀን 1995

ለወንድሜ ለኦስማር፣

ዘግይቻለሁ፤ ይቅር በለኝ። ጤና፣ ሥራ፣ እንቅልፍ ይብዛልህ። ኔይዴ አልታመመችም። ስለ አየሩ የጻፈችልህ አንተ ስለ አየሩ ስለጻፍክላት ነው ትላለች።

ትዕዛዝህን ለያዡ አነበብኩለት። አከበረ። ቴዎባልዶ አፉን ዘግቶ ጀልባውን ጠገነ። ከዚያ ማዶ የሚሄድ የጨው ጭነት መጣ። ጀልባው ላይ እጁን አድርጎ «ዝናቡ ሳይገባ እመለሳለሁ» ብሎ ለኪቴሪያ ማለላት። ስለ መቅረት አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ልክ እንዳዘዝከው። ማዶ ሲደርስ መንደሩ ውስጥ ቤት ይዞ ተቀመጠ። ኪቴሪያ መልእክተኛ ላከች። «መጣሁ በላት፣ መንገድ ላይ ነኝ» አለ። ይህን ሲል ጫማውን አውልቆ የገመድ አልጋው ላይ ተጋድሞ ነበር።

ሕጋችን ነውና ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉትን ጠየቅኩ፦ «ይሄ ቴዎባልዶን ይመስላል?» ቫልሚር «ቁርጥ እሱን!» አለ። እናቴ የማትጫወተዋ እንኳ ጨርቅ እየቆረጠች ሳለ መቀሷን ወደ ላይ አነሳች። ስለዚህ ጸድቋል።

አትቆጣ። ጨዋታ ነው።

ዤርሶን


ሐማማትሱ፣ ጁላይ 9 ቀን 1995

ለዤርሶን፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። አክስቴንና ባቻንን ሳምልኝ።

ጨዋታ ነው ያልከኝ አንተ ነህ? የወባ ትኩሳት ይዞህ እየተንቀጠቀጥክ ተራ ያላሳለፍከው አንተ?

ያዡን አውቄዋለሁ። ሕጉ ስለሚከለክል ስሙን አልጽፍም፤ ግን «መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» የማን ንግግር እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ስንት ቀን ነው ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ በስልክ እንዲህ ሲለን የኖረው? ራሱ ይጫወታል፣ ራሱ «ቁርጥ እሱን» ይላል። ይሁን፣ እሱ ቀልደኛ ነው። የገረመኝ አንተ ነህ። ቴዎባልዶን በጨዋታው አስራ አራተኛ ደረጃ ላይ አድርሼ ስሰጥህ የሰው መሳቂያ አድርግልኝ አላልኩህም።

ሌላም ነገር አለ። ባለፈው ቅዳሜ ለኔይዴ ደወልኩ። እናቷ አነሳች። «ቅዳሜ ቅዳሜ እነዤርሶን ቤት ናት፤ አላወቅህም እንዴ?» አለችኝ። አላወቅኩም። ኔይዴ ጨዋታችንን ከድሮም አትወድም፤ «ጎልማሶች ስትጮኹ ራሴን ያመኛል» እያለች በር ላይ ጥላኝ የምትሄድ ሴት ናት። ታዲያ እናንተ ቤት ምን ትሠራለች? የማደሪያ ጓደኛዬ እህቱ ጽፋለት፣ አንዲት ሴት በሞተር ሳይክልህ ኋላ ተቀምጣ አይቻለሁ ብላለች። ማን ናት?

ደግሞ ዳይሶቼን ላክልኝ፤ ሰማያዊዎቹን።

ኦስማር


ሎንድሪና፣ ኦገስት 27 ቀን 1995

ለኦስማር፣

ለአንተም ለጓደኞችህም ሰላም። ባቻን ወድቃ ወገቧን ታማ ነበር፤ አሁን ተነስታለች፤ ስትነሳ መጀመሪያ ያደረገችው ሐኪሙን መስደብ ነው።

የጠየቅከኝን ልመልስ። ኔይዴ እናቴ ዘንድ ልብስ መቁረጥ ትማራለች። ለእሷ ጽፈህ ብትጠይቃት ራሷ በነገረችህ። ሞተር ሳይክሉ ላይ የነበረችው እሷ ናት፤ ዝናብ ነበር፤ ቤቷ አድርሻት ተመለስኩ። ከዚህ ሌላ የጠረጠርከው ነገር ካለ በሰው እህት አታስልከው፤ በግልጽ ጻፈው። እኔም በግልጽ እመልስልሃለሁ።

አሁን የእኔ ተራ ነው። የደብዳቤህ ጀርባ ላይ ያለው አድራሻ ሌላ ነው። ከማደሪያው ወጣህ? ምነው ሳትነግረን? ደግሞ በማርች የሚመለስ ሰው ዳይስ አሁን ምን ያደርግለታል? እናቴን ስጠይቃት «ሰው ማንኪያውን ካስላከ ምሳውን እዚያ ሊበላ ነው» አለች።

ቴዎባልዶ አሁንም ማዶ ነው። ኪቴሪያ ጠብቃለች። ዝናቡ ገብቷል።

ዤርሶን


ሐማማትሱ፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1995

ላክስቴ ልጅ ለዤርሶን፣

የባቻንን መውደቅ ሰምቼ አዘንኩ፤ መነሳቷን ሰምቼ ደስ አለኝ። እድሜዋን ያርዝመው፤ ለሐኪሙም ትዕግሥት ይስጠው።

ስለ ሞተር ሳይክሉ ያልኩት ይቅር። ሩቅ ያለ ሰው ጆሮው ይረዝማል።

ማደሪያው ስለሚጮህ ነው የወጣሁት። ሌላ ነገር የለውም። ዳይሶቹን የፈለግኩት ከፋብሪካው ልጆች ጋር እሑድ እሑድ ትንሽ ስለምንጫወት ነው። የቴዎባልዶንም ወረቀት ገልብጠህ ላክልኝ፤ እዚህ ላንቀሳቅሰው አይደለም፤ ለማየት ያህል ነው።

ከዚህ ጋር አንዲት የታሸገች ፖስታ አለች። ለያዡ ናት። ሕጉን ታውቃለህ፤ ባለቤቱ ለያዡ የሚልከውን የምስጢር ትዕዛዝ ተራኪው አይከፍትም። ማን እንደሆነ ስለማውቅ ደፍሬ ጽፌለታለሁ። አደራ፣ በእጁ ስጠው።

ስለ ማርች ሌላ ጊዜ እንጻጻፋለን።

ኦስማር


ሎንድሪና፣ ኖቬምበር 5 ቀን 1995

ለኦስማር፣

ይህ ደብዳቤ በጤናህ ያግኝህ።

ፖስታዋን ሳልከፍት ለያዡ ሰጠሁ። ያዡ ቫልሚር አይደለም። ኔይዴ ናት።

አንተ በሄድክ በሳምንቱ መጥታ «ወረቀቱን ለእኔ ስጠኝ» አለችኝ። «ጨዋታውን ትጠይው የለም እንዴ?» አልኳት። «ጨዋታውን ማን ፈለገው? ሰውዬውን ነው» አለች። ሕጉ ያዡ ማን መሆን እንደሌለበት አይናገርም። ሰጠኋት። ልብስ መቁረጥ መማሯም እውነት ነው፤ የቀረውን ግን ሕጉ ስለሸፈነልኝ ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ዕለት በእናቴ መቀስ ፖስታዋን ከፈተች። አነበበች። ቫልሚር ሳምቡሳ መሰል ፓስቴሉን እያኘከ «ምን ይላል? ሰውዬው ርስት አወረሰን?» አላት።

«ላንተ ነው የተጻፈው» ብላ ሰጠችው።

አንብቦ ማኘኩን አቆመ። «እኔ ምን አድርጌ ነው?» አለ።

«ጮክ ብለህ አንብበው።»

«ኔይዴ፣ ተይው። በእመቤታችን።»

እናቴ የልብስ ስፌት ማሽኗን አቆመች። «አንብብ አለችህ እኮ! ድዳ ነህ?»

አነበበው። አንተ የጻፍከውን ታውቀዋለህ፤ እኛ የሰማነውን ግን ልድገምልህ፣ በእሱ አፍ እንዴት እንደሚሰማ እንድታውቅ። «ቫልሚር፣ አንተ እንደሆንክ ገብቶኛል። ቴዎባልዶን ከኪቴሪያ ነገር ቀስ ብለህ አውጣው፤ ጥል ሳይኖር፣ ወሬ ሳይበዛ። ለኔይዴም እንደዚያው። እኔ ተጨማሪ ሁለት ዓመት ፈርሜያለሁ፤ ቤትም ተከራይቻለሁ። ለዤርሶን እንዳትነግረው፣ እሱን አላምነውም። አንተ ሰው ታስቃለህ፤ እያሳቅክ አለማምዳት። እኔ መጻፍ አልሆነልኝም።»

ቫልሚር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ። «ቢያንስ ሰው አሳቂ ነው ብሎኛል» አለ። ማንም አልሳቀም። «ደግሞ መንገድ ላይ ነኝ የምለው እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ሲኒማ ቤት በር ላይ ስንቴ ነው እሱ ያቆመኝ?»

«እኔንም» አለች ኔይዴ።

«ዛሬ ይብቃን» አልኩ።

«ተራዬ ነው» አለች።

ቴዎባልዶ ከገመድ አልጋው ተነሳ። ጫማውን አደረገ። ጀልባውን ወደ ውሃው ገፋ። ወንዙ ሞልቷል፣ ዳይስ ጣይ አልኳት፤ ጣለች፤ ተሻገረ። ኪቴሪያ ደጃፍ ላይ ደርሶ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ቆመ። እንዲህም አላት፦ «አልመለስም። ማዶ ቤት ይዣለሁ፤ ከያዝኩም ቆየሁ። ጠብቂኝ ያልኩሽ መጠበቅሽ ስለሚመቸኝ ነው።»

ቫልሚር «ኧረ ይሄ ቴዎባልዶ አይደለም! ቴዎባልዶ እንዲህ ፊት ለፊት ቆሞ አይናገርም» አለ።

ሕጋችን ነውና ጠየቅኩ፦ «ይመስላል ወይስ አይመስልም?»

«አይመስልም» አለች እናቴ። «ግን ይሁን።»

ጸደቀ።

ዳይሶችህን ልኬያለሁ። የወረቀቱን ግልባጭ ኔይዴ አልሰጥም ብላለች። ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ካልተቀመጠ በቀር ያዡን ማስገደድ አልችልም።

አላምነውም ያልከኝን አንብቤ አላለፍኩትም። ሰምቼዋለሁ።

ዤርሶን


ሐማማትሱ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 1996

ላክስቴ ልጅ ለዤርሶን፣

አዲሱ ዓመት ለሁላችሁም የሰላም ይሁን። የባቻን ወገብ እንዴት ነው? እዚህ በረዶ አይጥልም፤ ነፋሱ ግን ከበረዶ ይብሳል። ፋብሪካው አዲስ መስመር ስለከፈተ የትርፍ ሰዓት ሥራ በዝቶብናል። ዳይሶቹ ደርሰውኛል፤ አመሰግናለሁ። የእሑዱ ጨዋታ ግን ፈርሷል፤ ተራኪያችን ወደ ናጎያ ሄደ።

ለኔይዴ ልጽፍላት ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ነበር። ብታምነኝም ባታምነኝም።

ቫልሚርን ይቅርታ ጠይቅልኝ። አንተንም አስቀይሜሃለሁ። ወረቀት ላይ እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቀላል መሰለኝ፤ ይኸው ጻፍኩት።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ደብዳቤህ ቴዎባልዶ ተናግሮ እንደጨረሰ ቫልሚር ጋ ዘለለ። ኪቴሪያ ምን አለችው? በእሷ አፍ የምትናገረው አንተ ነህ፤ ሳትመልስ አትቀርም። ሆን ብለህ ነው የዘለልከው? ወይስ ኔይዴ አትጻፍለት አለችህ? በሩን ዘጋችበት? ሰደበችው? ግባ አለችው? ፋብሪካው ውስጥ ቆሜ ሳለ እንኳ ይህን ነው የማስበው። ሌላውን ሁሉ ተወው፤ ይህን ብቻ ጻፍልኝ።

ኦስማር


ሎንድሪና፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1996

ለኦስማር፣

ሰላምና ጤና ካንተ ጋር ይሁን። ባቻን ደህና ናት። ቫልሚር ይቅር ብሎሃል፤ «ግን ሁለተኛ በስሜ ደብዳቤ እንዳይጽፍ» ብሏል።

አዎ፣ ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት። ማንም አትጻፍ አላለኝም። ኪቴሪያ መልሳለታለች፤ ያን ዕለት ጠረጴዛው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ያልነበረ ሰው ኔይዴን ይጠይቃት።

ዤርሶን